አባትን በአባቶች ቀን ድንኳን ውስጥ ማሳደር፦ ማክበር ነው ወይስ ማንገላታት?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ ካቀረብኩ በኋላ ብዙ ሰው ስለመለሰልኝ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር መልሶቹን በየተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል ከታች አስፍሬአቸዋለሁ። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር የአውሮፓውያን ናቸው።

የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ሲሆን ከእኔና ከባለቤቴ ጋር መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ በጁን ሦስተኛ እሑድ የአባቶች ቀን ሲመጣ የምናደርገው አንድ ዓይነት ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቤት እንወስዳቸዋለን፣ ሹራብ ወይም ሸሚዝ እንሰጣቸዋለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እሳቸው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፣ እኔም ለሰኞ ሥራ እዘጋጃለሁ። ሹራቦቹ ከነማሸጊያቸው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ተደርድረዋል። ባለፈው ወር ቆጥሬአቸው አምስት ሆነው ሳገኛቸው፣ እስካሁን ያከበርኩት ቀኑን እንጂ እሳቸውን እንዳልሆነ ተሰማኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ ነገር አስቤአለሁ። ከሳክራሜንቶ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ፣ ግራስ ቫሊ የምትባል የድሮ የወርቅ ማውጫ ከተማ አለች። ብሉግራስ በባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ሙዚቃ ነው፤ በ1974 የተመሠረተው የካሊፎርኒያ ብሉግራስ ማኅበር በከተማዋ በሚገኘው የኔቫዳ ካውንቲ የትርዒት ሜዳ ላይ ከ1976 ጀምሮ በአባቶች ቀን ሰሞን የሙዚቃ ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ሰዉ ከሐሙስ እስከ እሑድ በረጃጅም የጥድ ዛፎች ሥር ድንኳን ተክሎ ይሰነብታል። ቀን ቀን መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ያዳምጣል፤ ሲመሽ ደግሞ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን)፣ ጊታርና ቤዝ የያዙ ሰዎች በየድንኳኑ ደጃፍ ክብ ሠርተው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ሌሊት ድረስ ይጫወታሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ይሄድ ነበር፤ አሁን የራሱን ልጆች ይዞ ይሄዳል። ከእኛ ቤት እስከዚያ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የአባቴ ጉልበት ያማቸዋል፤ ስኳርም አለባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ማሳደር ማክበር ነው ወይስ ማንገላታት? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ 1

ከሳን ሆዜ የጻፉ አንዲት እህት ሐሳቡን ደግፈው፣ ጉልበቱን የሚያም ሰው መሬት ላይ ከተዘረጋ ፍራሽ መነሣት ስለሚቸግረው ታጣፊ አልጋ እንድገዛ፣ ድንኳኑንም ጎንበስ ሳይሉ የሚገቡበት ቁመት ያለው እንዳደርገው መከሩኝ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ በቀን አብሬአቸው እንድለምደውም አሳስበዋል።

መልስ 2

ሳክራሜንቶ ውስጥ በነርስነት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ የክሩ ጠቃሚ ክፍል የሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ኢንሱሊን በጁን ፀሐይ መኪና ውስጥ ከተተወ እንደሚበላሽ፣ በረዶ ከነካውም እንዲሁ ከጥቅም ውጪ እንደሚሆን ገልጸው፣ በፎጣ ጠቅልዬ በረዶ ባለው ሣጥን ውስጥ ከበረዶው ነጥዬ እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ የሚያቃጥል ቢሆንም ሌሊቱ እንደሚበርድ፣ አረጋዊ ሰው ደግሞ ብርዱን ሳያስታውቅ ውስጥ ውስጡን እንደሚጎዳው ጨምረዋል። ሐኪማቸውን ሳላማክር እንዳልነሣም በጥብቅ አስጠንቅቀውኛል፤ አማክሬአለሁ።

መልስ 3

ከሎስ አንጀለስ የጻፉት ወንድም ሐሳቡን ጨርሶ አልተቀበሉትም። በአገራችን አልጋው የአባት ነው፣ እንግዳ ቢበዛ እንኳ መሬት የሚወርደው ልጅ ነው፤ ታዲያ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሜዳ ላይ አሳድሮ አከበርኩ ማለት የፈረንጅ ነገር መቅዳት ነው አሉ። የአባቶች ቀን ራሱ ነጋዴዎች ከረባትና ካርድ ለመሸጥ የፈጠሩት ነው ብለውም ደመደሙ። ንግግራቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም ስለ አልጋው ያሉት እውነት ስለሆነ ልቤን ነካኝ።

መልስ 4 እና 5

መልስ 4 የቀደመውን በትሕትና አረመ። በዓሉ የተጀመረው በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው ስፖኬን ከተማ ጁን 19 ቀን 1910 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት ሶኖራ ስማርት ዶድ የተባሉ ሴት ናቸው። አባታቸው ዊልያም ጃክሰን ስማርት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ወታደር ሲሆኑ፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ሆኖም በዓሉ በሕግ ቋሚ የሆነው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሲፈርሙበት ነው። ጸሐፊው ነጋዴዎች እጃቸው እንደሌለበት አልተከራከሩም፤ በ1930ዎቹ የወንዶች ልብስ ነጋዴዎች በዓሉን በሰፊው ማስተዋወቃቸውን አምነዋል። ጁን 19 በእኛ ሰኔ 12 ስለሆነ የመጀመሪያው የአባቶች ቀን የዋለው በቅዱስ ሚካኤል ዕለት እንደነበር ያስተዋሉትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ለአባቴ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው።

መልስ 5 ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ ጁላይ 5 ቀን 1908፣ በዌስት ቨርጂኒያ ፌርሞንት ከተማ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የአባቶች መታሰቢያ ጸሎት እንደነበረ አመለከተ። ምክንያቱ በ1907 ዲሴምበር ሞኖንጋ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን የደረሰው ፍንዳታ ነው፤ ከ360 በላይ ሠራተኞች አልቀው ብዙ ልጆች በአንድ ቀን ያለ አባት ቀርተዋል። ከዚህ በኋላ ስለ ከረባት የተናገረ ሰው አልነበረም።

መልስ 6

ከስቶክሆልም ነው። በስዊድን የአባቶች ቀን የኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ ስለሆነ ድንኳን የማይታሰብ ነው አሉ። በጀርመን ግን በዕርገት ዕለት ስለሚውል፣ ወንዶች ጋሪ እየገፉ ወደ ሜዳና ወደ ጫካ እንደሚወጡ አጫወቱን።

መልስ 7 እና 8

መልስ 7 ከሁላችን የተሰወረውን ጠየቀ፤ አባትህ የሰኔን ጾም ይጾማሉ ወይ? የአባቶች ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከጾመ ሐዋርያት ጋር ይገጥማል። ፋሲካ ሲዘገይ ብቻ ያመልጣል፤ በ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ስለዋለ ጰራቅሊጦስ ከአባቶች ቀን አንድ ሳምንት ዘግይቶ መጣ። አባቴ ይጾማሉ። እኔ ግን ሥጋ ለመጥበስ ዝርዝር አውጥቼ ነበር።

ከሲያትል የጻፉ እናት በመልስ 8 ስለ ስንቅ አስተማሩን። ድርቆሽ ለዚህ የተፈጠረ ምግብ ነው፣ አይሻግትም፣ በቲማቲምና በሽንኩርት ቁሌት ላይ ጣል ሲደረግ ፍርፍር ይሆናል፤ በሶና ዳቦ ቆሎም አብረው ይያዙ፣ ጭኮ ግን ቅቤ ስላለው በጾም አይሆንም አሉ። ስኳር ላለበት ሰው የሚበጀውን ነርሷን እንድጠይቅም መከሩኝ። እናቶቻችን ለነጋድራስና ለዘማች ስንቅ ሲያዘጋጁ የኖሩበት ዕውቀት እንዲህ በአንድ አንቀጽ ሲቀርብ ማንበብ ያስደስታል።

መልስ 9

እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። አንድ ሰው ጀበናና የከሰል ምድጃ ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ቡና እንዳፈላ ሲመክሩኝ፣ መልስ 9 በቁጣ ገባ። በካሊፎርኒያ ጁን እንደ አገራችን ሰኔ የዝናብ መግቢያ አይደለም፤ ሣሩ የሚደርቅበት ወር ነው። በ2018 ከግራስ ቫሊ ብዙም የማትርቀውን ፓራዳይዝ ከተማን ያወደመው እሳት 85 ሰዎች ገድሏል። ከዚህም በላይ፣ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ቡናው ቤት ተቆልቶ ይሂድ፣ የሚፈላውም ደጅ፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ይሁን አሉ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር።

መልስ 10 እና 11

መልስ 10 ብሉግራስ የነጭ ገበሬዎች ሙዚቃ ስለሆነ አባቴን ወደማይገባቸው ቦታ እየወሰድኩ እንደሆነ ጽፎ፣ በዕድሜአቸው ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያያቸው ብቸኛ ጥቁር ሰው ላደርጋቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። አነጋገሩ መራራ ነበር፤ ጥያቄውን ግን ችላ ማለት አልቻልኩም።

ለዚህ የተሰጠው መልስ 11 ረጅም ነው። ባንጆ በባርነት የተወሰዱ ምዕራብ አፍሪካውያን በአሜሪካና በካሪቢያን ምድር እንደገና የሠሩት መሣሪያ ነው፤ በሴኔጋምቢያ የጆላ ሕዝብ ዛሬም የሚጫወተው አኮንቲንግ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ እሱም ከቅል የሚሠራና ቆዳ የተወጠረበት ነው። የብሉግራስ አባት የሚባለው የኬንታኪው ተወላጅ ቢል ሞንሮ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ ያደገው ፊድል ከሚጫወት አጎቱ ጋር ነው፤ ከአጎቱ ሌላ ብዙ የተማረው ደግሞ አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ነው፣ ይህንንም ሞንሮ ራሱ ሲናገር ኖሯል። ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ብሉ ግራስ ቦይስ ከተባለው የሞንሮ ባንድ ነው። ጸሐፊዋ ታሪኩን ካስረዱ በኋላ ግን፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ዘወር ብሎ ማየቱ እንደማይቀር ሳይደብቁ ነግረውኛል፤ እሳቸው ቴኔሲ ውስጥ ሄደው የገጠማቸው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ወንበር ላቅርብልዎ ባይ ጎረቤት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ መስክረዋል።

መልስ 12 እና 13

መልስ 12 ባንጆ የክራር ዘር ነው አለ። መልስ 13 አረመው፤ የክራር ጅማቶች የሚወጠሩት ከሁለት ክንድ በላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ስለሆነ አንገት የለውም፣ ቤተሰቡ ከበገና ጋር ነው። ቆዳ የለበሰ ሣጥንና ረጅም አንገት ያለው መሰንቆ በቅርጽ ይቀርባል፣ ግን የሚጫወቱት በደጋን ነው። ሁለቱ ስለ ትዝታና ስለ ባቲ ቅኝት ሌላ ሃያ መስመር ተጨቃጭቀዋል፤ ከጉዳያችን ስለሚርቅ አልፌዋለሁ።

መልስ 14

በስም ያልተገለጹ ሴት ናቸው፤ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ። እስካሁን አሥራ ሦስት ሰው ስለ አንድ አዛውንት ጉልበት፣ ሆድ፣ አልጋና ክብር ተከራክሯል፣ ልጃቸውም ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቷል፤ እሳቸውን የጠየቃቸው ሰው ግን የለም አሉ። አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩ።

መልስ 15 (የእኔ)

በዚያው ምሽት ጠየቅኳቸው። አባቴ ከረዳትነት ተነሥተው በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል ከሃያ ዓመት በላይ ጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪናም ባለተሳቢም ነድተዋል። ድንኳን ያልኳቸውን ነገር ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ሚሌና ዲቺኦቶ ላይ ሸራ ዘርግተው ከመኪናው ሥር ያደሩበትን ሌሊት ቁጥር እግዜር ይወቀው አሉኝ። የጠየቁኝ ነገር ቢኖር ንፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ብቻ ነው።

እኔ በልጅነቴ አባቴን የማውቃቸው ከጉዞ በተመለሱባቸው ቀናት ነበር። መጥተው፣ ታጥበው፣ ተኝተው፣ መኪናው ሲጫን ይሄዳሉ። ያን ጊዜ በተከታታይ ሦስት ሌሊት አንድ ጣሪያ ሥር ማደራችንን አላስታውስም። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አሰብ ድረስ ሊወስዱኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም። ይህን ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር፤ ለመልስ 14 ጸሐፊ ማለት የሚገባኝ ግን ይህ ነው።

መልስ 16 እና 17

ከቨርጂኒያ አንድ የቀድሞ ረዳት ብቅ ብለው ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ሰርዶን፣ ዲቺኦቶን፣ ኤሊዳርን፣ ቡሬን እያሉ መንገዱን በቃላቸው አስኬዱን። ፍሬን ስለሚግልበት ቁልቁለትና ስለ ሙቀቱ ሲያወሩ ሌሎችም ተቀላቀሉ። መልስ 17 ክሩ ስለ ፌስቲቫል እንጂ ስለ ጭነት መኪና እንዳልሆነ በደረቁ አስገነዘበ። ትክክል ነው፤ እኔ ግን እነዚያን መልሶች ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ቦታም አስቁመው አስተካከሉ።

መልስ 18 (የእኔ፣ ከተመለስን በኋላ)

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ድንኳኑን እኔ ተከልኩ፤ ሸራውን ግን አባቴ አላስነኩኝም። በገመዱ መካከል ቀለበት ሠሩ፣ ጫፉን በጥዱ ግንድ አዙረው በቀለበቱ ውስጥ አሳለፉና በክብደታቸው ወደ ታች ሲስቡት ገመዱ ተወጠረ፤ ከዚያ በአንድ አጭር እጥፋት አሰሩት። ለመፍታት ጫፉን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ከጎናችን ድንኳን የተከሉ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ሸራ ገመድ አሳዩአቸው፤ ያው ቋጠሮ ነው። እዚህ አገርም በጭነት መኪና ነጂዎች ስም ይጠሩታል። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው በተርጓሚነት ያገለገልኩት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ከአዮዋ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ነበሩ።

ማታ ማታ ክብ ዳር ተቀመጥን። ሥርዓቱን አባቴ ከእኔ ቀድመው ተረዱት። የሚዘፍነው ሰው ቅኝቱን ይናገራል፤ ሲዘፍን ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በአገጭ ምልክት ተራው ከባንጆ ወደ ማንዶሊን፣ ከማንዶሊን ወደ ፊድል ያልፋል፤ የማይችል በጭንቅላቱ ንቅናቄ ይለፈኝ ይላል፣ ማንም አያስገድደውም። መጨረሻው ሲደርስ ዜማውን የጀመረው ሰው አንድ እግሩን ያነሣል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያቆማሉ። በሁለተኛው ሌሊት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ፊድል ይዛ መጣች፤ አባቷ ከጀርባዋ ቤዝ ይመታ ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትሳሳት አባቷ አላያትም፣ ምቱን ብቻ ይበልጥ አጥብቆ ያዘላት፣ እሷም ተመልሳ ገባች። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ረዳት የሚለምደው እንዲህ ነው፣ በመናገር አይደለም አሉ።

እሑድ ስጦታ አልሰጠኋቸውም። በማለዳ፣ ሰዉ ገና ሳይነሣ፣ ቡናውን በጋዝ ምድጃው ላይ አፍልተው ጠሩኝ። ሦስተኛውን ስንጠጣ ስለዚያ ክረምት ሳልጠይቃቸው አነሡ። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ባለው ቦታ ላይ የምተኛበት ትንሽ ፍራሽ ኮምቦልቻ ውስጥ አሠርተው፣ ጥጥ አስሞልተው፣ መኪናው ላይ ጭነውት ነበር። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ለረዳታቸው ሰጡት። ይህን ለሃያ ምናምን ዓመት አልነገሩኝም።

ለመልስ 10 ጸሐፊ፦ አዎ፣ ዘወር ብለው አይተውናል። በመጀመሪያው ቀን ከበደኝ፤ አባቴ ግን የሚያያቸውን ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉ ስለነበር በሁለተኛው ቀን እኔን ሳይሆን እሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች በዙ።

መልስ 19

የመልስ 3 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። አባት ሜዳ ላይ ማደሩን አሁንም እንደማይደግፉ ጽፈው፣ የእሳቸው አባት ግን ደሴ እንደሆኑና ካዩአቸው ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈ ነገሩን። ማንም አልተከራከራቸውም።

መልስ 20

ከሳን ሆዜ የጻፉት የመልስ 1 እህት በሚቀጥለው ጁን አባታቸውን ይዘው መሄድ ስለፈለጉ፣ የሸራውን ስፋትና የገመዱን ርዝመት ጠየቁ። አባቴን ጠይቄ የመለስኩላቸው ይህ ነው፦ ሸራው አራት ሜትር በስድስት፣ ገመዱ አራት ቦታ እያንዳንዱ አሥር ሜትር። ናይለን ስለሚንሸራተት አይሁን። ለእኛ ግን አሥር ሜትሩ ስላጠረን፣ ለሚመጣው ዓመት አሥራ አምስት ሜትር እንድገዛ ታዝዣለሁ።